ጉግል ላይ ስለሌለ የለም አትበሉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕግ ተማሪ ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጥታ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ጎጃም ውስጥ ለሴቶች መብትና ለፍትሕ ስለሚሠሩ ማኅበራት ነው። «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ርዕስ ልቀይር ነው» አለችኝ። ፊቷ ጥቁር ብሏል። ቡናው እስኪፈላ ስልኳን አብረን አየን። የፈለገችው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ። የመጣላት አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶች ስም ነው።

እኔ በሴቶች መብት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኋላ በማኅበር። የሷ ችግር የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ለሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ሰዎቹ ራሳቸው በሚጽፉት መንገድ ፈልጉ። «ማኅበር» የሚለው ቃል ብቻ ማኅበር፣ ማህበር፣ ማሕበር ተብሎ ይጻፋል። ፍትሕም ፍትህም አለ። ምሥራቅ ጎጃም «ምስ/ጎጃም»፣ ደብረ ማርቆስ «ደ/ማርቆስ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ጎጃምን አንዱ በአንድ «ጄ» ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። የሴቶችን ጉዳይ የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስምማ ስንቴ ተቀየረ! ሴቶች ጉዳይ ነበረ፣ ሴቶች፣ ሕጻናትና ወጣቶች ሆነ፣ ሴቶችና ሕጻናት ተባለ፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የድሮውን ሰነድ አያገኝም።

በችግሩ ስምም ፈልጉ። የገጠር ሴት «የሥርዓተ ጾታ እኩልነት» ብላ አቤት አትልም። ቀለብ ትላለች፣ የመሬት ደብተር ትላለች፣ ጠለፋ ትላለች። «የሴቶች ድርጅት» ብላችሁ ብትፈልጉ ባሕር ዳር ያለውን የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ላታገኙት ትችላላችሁ፤ «ፊስቱላ» ካላችሁ ግን ወዲያው ይወጣል። «ነፃ የሕግ ድጋፍ» ካላችሁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን አገልግሎት ታገኛላችሁ።

ብዙው ነገር ያለው ድረ ገጽ ላይ ሳይሆን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው። የዞንና የወረዳ ኮሙኒኬሽን ገጾችን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ እዩ። ዜናው «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ውይይት ተካሄደ» ብሎ ያልፈዋል፤ እነማን እንደሆኑ አይነግራችሁም። ፎቶውን ግን አጉሉት። ከተሰብሳቢዎቹ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል፣ ባነሩ ላይ የአዘጋጁ ማኅበር ስም አለ፣ አንዳንዴ ስልክ ቁጥርም ከታች ተጽፏል። ጉግል ይህን ጽሑፍ ፈልጎ አያመጣላችሁም፣ ፎቶ ነዋ። እኔና ተማሪዋ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ በዚህ መንገድ ብቻ የሦስት ማኅበራት ስም አገኘን።

ስታገኙ ደግሞ ማን ምን እንደሆነ ለዩ። የሴቶች ማኅበር፣ የሴቶች ፌዴሬሽንና የሴቶች ሊግ አንድ አይደሉም። ሊጉ የፓርቲ ነው። ማኅበሩ የአባላቱ ነው። ፌዴሬሽኑ የሴቶች አደረጃጀቶች ኅብረት ነው። የሴቶች ጽሕፈት ቤት ደግሞ መንግሥት ራሱ ነው። ይህን ሳይለዩ የተጻፉ ስንት ጥናቶች አንብቤ አዝኛለሁ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «621/2001» እና «621/2009» የሚሉትን ሁለት አዋጆች አድርጎ የጻፈ ተማሪ ገጥሞኛል። አንድ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ ማወቅ ግድ ይላችኋል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች እኩልነት፣ በሕጻናት መብት፣ በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ የከለከለው እሱ ነው። በ1987 የተመሠረተውና ለስንት ሴት በነፃ ጠበቃ የቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ ያኔ ሥራው ክፉኛ ተጎድቷል። ሌሎች ስማቸውን ቀየሩ፣ ሌሎች «መብት» የሚለውን ቃል አውጥተው «ልማት» ብለው ቀጠሉ፣ ሌሎች ጭራሽ ጠፉ። ክልከላው የተነሳው በአዋጅ 1113/2011 ነው። ስለዚህ በመሃል ባሉት አሥር ዓመታት ስለ አንድ ድርጅት ወሬ ካጣችሁ ሴቶቹ ሰነፉ ብላችሁ አትጻፉ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ጸጥ ያሉ ገጾችንም እንዲሁ እዩአቸው። ገጹ ዝም ቢልም ሥራቸውን ያላቆሙ ሴቶች አውቃለሁ።

ስለ ራሳችን አገር የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሩቅ ተቀምጧል። ይልማና ዴንሳ ወረዳ ውስጥ ሞሰቦ የሚባል ቀበሌ አለ። በ1996 ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም እዚያ ተጀመረ። ሴት ልጆች ያለዕድሜያቸው እንዳይዳሩ፣ ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ በቡድን ይሰበሰቡ ነበር፤ ልጁን ላልዳረ ቤተሰብ አንዲት እንስሳ ትሰጥ ነበር። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለም ያውቀዋል። ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ ልጆች ግን ስነግራቸው ይገረማሉ። ስታነቡት ማጠቃለያውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ያህል ሆኗል፤ ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ተድረዋል። ይህን የሚጠቅስ ጥቂት ነው። ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፣ ልጅቷ እስከ አሥራ አምስት ተጠብቃ ከዚያ ምን እንደምትሆን ጠይቁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት በደላላ የተወሰደች ልጇን ፍለጋ ቢሮዬ መጣች። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት እንደሚረዳት ከኢንተርኔት አገኘሁ፣ አድራሻውንና ስልኩን በወረቀት ጻፍኩላት። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ አሰረችው። ሳልደውል ነው የሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ቢሮው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሆኗል። የመሳፈሪያዋን ከእህል ሸጣ ነበር ያመጣችው። ወረቀቱን ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፣ በላብ ርሶ ቀለሙ ፈስሷል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሳልደውል ለማንም ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። እናንተም ደውሉ። ማን እንደሚያነሳ፣ ቢሮው የት ሰፈር እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ ምን ወረቀት ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። መዝገብ ማየት ከፈለጋችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ ሂዱና በዓይናችሁ እዩ። ስትሄዱ የእድር ሴቶችንም አነጋግሩ። አንዲት ሴት ስትደበደብ ሌሊት በር የሚከፍትላት ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አብዛኞቹ የትም ድረ ገጽ ላይ የሉም።

አንድ ነገር ግን አገኘን ብላችሁ አትለጥፉ። ከባል ዱላ የሸሹ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት አድራሻ ሆን ተብሎ ነው የሚደበቀው። አንዳንዴ በአንድ ፎቶ፣ በአንድ ታፔላ፣ ከጀርባ በሚታይ ቤተ ክርስቲያን ይታወቃል። የተጎዳች ሴትን ስምና ቀበሌም እንዲሁ፤ ቀበሌዋ ትንሽ ከሆነ ስሟን ባትጽፉትም ይታወቃል። ለጽሑፋችሁ ከፈለጋችሁት በደብተራችሁ ይቀመጥ፣ መምህራችሁ ቢጠይቃችሁም ለምን እንዳልጻፋችሁት አስረዱት። ከዚህ በፊት የለጠፋችሁት ካለ ዛሬውኑ አጥፉት፣ ያጋሩትንም ሰዎች በውስጥ መስመር እንዲያጠፉት ለምኗቸው።