ፍርሃቴን ከሥሩ ልንቀለው ለምትሉ

ውድ ወጣቶች፣

በነርቭ ሳይንስ ሙያ ውስጥ ሆኜ ፀጉሬ ሸብቷል። ከእናንተ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄን ፍርሃት ከውስጤ እንዴት ላውጣው?» አንዱ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያስፈራዋል። ሌላዋ ከመኪና አደጋ ወዲህ መሪ መጨበጥ አቅቷታል። ሁሉም የሚፈልጉት ፍርሃቱ ድራሹ እንዲጠፋ ነው። የእኔ መልስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም። አንጎል የተማረውን ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም፤ ይገታዋል እንጂ። ይሄ ከገባችሁ ግን ትግላችሁ መልኩን ይቀይራል። ታገሡኝና ትንሽ ጠለቅ ልበል።

ፍርሃት እንዴት እንደሚለመድ የምናውቀው በአብዛኛው ከአይጥ ነው። አይጧ ሳጥን ውስጥ ትገባለች። አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ሊያበቃ ሲል እግሯን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ይሄ ጥቂት ጊዜ ይደጋገማል። በማግስቱ ድምፁን ብቻ ስታሰሟት ባለችበት ድርቅ ትላለች። ጢሟ እንኳ ፍንክች አይልም። የሚንቀሳቀሰው ጎኗ ብቻ ነው፤ ስትተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። (ይህን መጀመሪያ ሲያይ ቅር የማይለው ተማሪ ቢመጣ እኔን ቅር ይለኛል።)

የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ጆሴፍ ለዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአንጎል ውስጥ የድምፁን መንገድ ተከታትለው ወደ አሚግዳላ ደረሱ። አሚግዳላ በአንጎል ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ሰው ሁሉ «የፍርሃት ማዕከል» ይለዋል። እኔ ስያሜው አይጥመኝም፤ ደስ የሚል ነገርንም ይማራልና።

ፍርሃት በዋነኛነት የሚቀረጽበት የአሚግዳላ ክፍል ውስጥ ካሉት የነርቭ ሴሎች 80 ከመቶ ያህሉ ጎረቤታቸውን የሚያነቃቁ ቀስቃሾች ናቸው። የቀሩት 20 ከመቶ ገደማ ጋባ የተባለ ኬሚካል እየለቀቁ ጎረቤታቸውን ዝም የሚያሰኙ ገቺዎች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያያቸው ጥቂት ሰው ነበር። ለእኔ ግን የነገሩ ወለላ እነሱ ጋ ነው።

ከገቺዎቹ አንደኛው ዓይነት ሶማቶስታቲን በተባለ ሞለኪውል ይታወቃል። የቀስቃሹ ሴል ቅርንጫፎች ላይ ተቀምጦ፣ መልእክት የሚገባበትን በር እንደ ዘበኛ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የሚሠራው የአንድሪያስ ሉቲ የምርምር ቡድን በአይጥ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ። አይጧ ስትማር፣ ድምፁ እንደተሰማ ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያላቸው ሌሎች ገቺዎች ይነቃሉ፤ ዘበኛውንም ዝም ያሰኙታል። ድምፁ ዘልቆ ይገባል። ንዝረቱ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ገቺዎች ጸጥ ይላሉ፤ ቀስቃሹ ሴል ከልካይ አጥቶ ይነቃቃል። ድምፁና ሕመሙ የሚተሳሰሩት በዚህ ቅጽበት ነው። ልብ በሉ፣ ፍርሃት የተቀረጸው ገቺው ራሱ ሲገታ ነው።

ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ነገር ጨመረ። ቪአይፒ በተባለ ሞለኪውል የሚታወቁ ገቺ ሴሎች አሉ፤ እነሱን የሚቀሰቅሳቸው ያልተጠበቀ ሕመም ነው። ሕመሙ የሚጠበቅ እየሆነ ሲሄድ ምላሻቸው ይቀንሳል። የሚያስተምረው ያልጠበቁት ነገር ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ድምፁን ያለ ንዝረት ደጋግማችሁ ብታሰሟት አይጧ ቀስ በቀስ ትረጋጋለች። ተረሳ ማለት ነው? አይደለም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ሲሠራ፣ እንዲህ የከሰመ ልማድ ትንሽ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ እንደሚመለስ አይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መሐመድ ሚላድና ግሪጎሪ ኩዊርክ የተባሉ ተመራማሪዎች የመረጋጋቱን ትዝታ የሚያስተጋቡ ሴሎች በፊተኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ አገኙ። ከዚያ የሚመጣው መልእክት ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ አሚግዳላ ውስጥ እዚህም እዚያም ተሰባስበው የተቀመጡ፣ ጥቃቅን የገቺ ሴሎች ክምችቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአይጦች ላይ እነዚህ ሴሎች ከመረጋጋቱ ትምህርት በኋላ ሆን ተብሎ ሲገደሉ፣ የተረጋጉት አይጦች እንደገና ድርቅ ማለት ጀመሩ። ፍርሃቱ እዚያው ነበር። አፍነው ይዘውት የነበሩት እነዚያ ገቺ ሴሎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ወራት ለፍታችሁ የተላመዳችሁት ፍርሃት አንድ ቀን ድንገት ብቅ ቢል «ልፋቴ ገደል ገባ» አትበሉ። የአንጎል ባሕርይ ነው። የመረጋጋት ትምህርት ከተማሩበት ቦታና ሁኔታ ጋር በጣም ይጣበቃል፤ ፍርሃት ግን የትም ይከተላል። ስለዚህ የልምምዱን ቦታ ቀያይሩት። ንግግር የሚያስፈራችሁ ከሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቻችሁ ጋር ብቻ አትለማመዱ። ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ሰው ፊት ሞክሩት።

ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ የሚያስተምረው ያልጠበቁት ነገር ነው ያልነው፣ እዚህ ጋ ይመጣል። ለልምምዱ ከመነሳታችሁ በፊት «ምን ይደርስብኛል ብዬ ነው የምፈራው?» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። «ድምፄ ይቆረጣል፣ ሰው ይስቅብኛል» ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሆነውን ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ግምታችሁና የሆነው በተራራቁ ቁጥር ትምህርቱ ይጠነክራል። ዓይን ጨፍኖ፣ ጥርስ ነክሶ መውጣት ግን ብዙ አያስተምርም። ሽሽትማ ጭራሽ አያስተምርም፤ የሸሸ ሰው አንጎሉ የሚማርበት ምንም አዲስ ነገር አላገኘም።

«ጋባ የሚገታ ከሆነ ጋባን የሚያበረታ ኪኒን ብወስድስ?» የሚለኝ ብልጥ አይጠፋም። ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና ዘመዶቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ግን አሚግዳላ ውስጥ ያለውን የተፈለገውን ሴል ለይተው አያውቁም፤ በመላው አንጎል ነው የሚያፍኑት። ለጊዜው ያረጋጋሉ። ሆኖም በልምምድ ሰዓት ከተወሰዱ ትምህርቱን ሊያደናቅፉ ይችላሉ፤ ሱስም ያስይዛሉ። ጓደኛ ስለሰጣችሁ አትዋጡ። ሐኪም አዝዞላችሁ የምትወስዱ ከሆነም እሱን ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡ።

ድብደባ፣ መደፈር፣ ጦርነት ወይም ከባድ አደጋ ያለፈባችሁ ደግሞ ይህን ልምምድ ብቻችሁን አትጀምሩት። የሠለጠነ ባለሙያ አብሯችሁ ይሁን። በዚህ አልደራደርም።

ወደዚህ ሙያ መግባት የሚያምራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላክል። ከላይ የነገርኳችሁ የሴሎች ታሪክ ከሞላ ጎደል የአይጥ ነው። ሰው ላይ የአንጎልን ሥራ ለማየት የምንጠቀምበት የኤምአርአይ ምስል የደም ፍሰትን ነው የሚያሳየው፤ አንዷ ነጥብ ውስጥ እጅግ ብዙ ሴሎች ታጭቀዋል፣ የትኛው ቀስቃሽ የትኛው ገቺ እንደሆነ አይለይም። ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ (የነርቭ ሴሎችን የኤሌክትሪክ ምልክት መለካት) ተማሩ፣ ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ ከታካሚዎች ጋርም ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሦስቱንም በአንድ ላይ የያዘ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ አላየሁም።