መልስ፦ ፕላነር ሆኖ ከነዋሪው ጋር መሥራት ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ «የከተማ ፕላን ልመረቅ ነው፤ ካርታ ከመሳል ውጭ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ሥራ አለ?» ላልከው፦ አለ። ግን በቅጥር ማስታወቂያ ላይ በዚህ ስም አታገኘውም።

ኖርማን ክሩምሆልዝን አንብበው። ከ1969 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ክሊቭላንድ የፕላን ኃላፊ ነበር። ያኔ ከተማዋን ፋብሪካውም ሕዝቡም እየለቀቃት ነበር። ሰውየው መሥሪያ ቤቱን አንድ ዓላማ ሰጠው፤ አማራጭ ላነሳቸው ሰዎች አማራጭ ማስፋት። የትራንስፖርት ድርድር ሲመጣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች የተሟገቱት መኪና ለሌለው ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የታሪፍ ቅናሽ፣ ስልክ ሲደወልለት ቤት ድረስ የሚመጣ መኪና። በሦስት በጭራሽ በማይመሳሰሉ ከንቲባዎች ሥር ሠርቷል። ከንቲባዎቹ የሰሙት ቁጥር ይዞ ስለሚገባ ይመስለኛል። ስለዚህ በጀት ማንበብ ተማር፤ ቅን ልብ ብቻውን ስብሰባ ላይ አያስኬድም።

እኔ የመጀመሪያ የነዋሪዎች ስብሰባዬን አልረሳውም። ፕሮጀክተር ደግኜ፣ ባለቀለም ካርታ ዘርግቼ ስለፈልፍ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ማሳየት አቃተኝ። አፈርኩ! ካርታው ላይ የመንገድ ስፋት እንጂ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አሁን መጀመሪያ የማስገባው ወፍጮ ቤቱን፣ ቦኖውን፣ የዕድር ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳ ነው።

ደመወዙን ደግሞ ባትጠይቀኝ ይሻላል።