ፊደሉ ወፈረ ወይስ ቀጠነ?

ጥያቄ፦ በ1955 የታተመ የአሜሪካ አንድ ሴንት አለኝ። የዓመቱ የመጨረሻ 5 ከጎኑ ጥላ የመሰለ ሁለተኛ መስመር ይታይበታል። ያ ዝነኛው የ1955 ድርብ ሳንቲም ይህ ይሆን?

መልስ፦ እንደገለጹልን ከሆነ አይደለም፤ ያረጀ ማተሚያ የተወው ምልክት ነው። በዝነኛው ላይ የሊንከን ምስል ባለበት ገጽ ያለው ጽሑፍና ዓመቱ በሙሉ ተደርቦ ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። የመጨረሻው 5 ብቻ ጥላ ያለበትን ሰብሳቢዎች «የድሃ ድርብ» ይሉታል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም በዚህ ስም ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ዳይ ከሚባለው ማተሚያ ብረት ነው። በዚያ ዘመን ዳዩ ራሱ ምስሉን የሚቀበለው ዋናው ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ እየተጫነበት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ዞር ካለ ድርቡ ዳዩ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል፤ ያ ዳይ የመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ምስሎች ጎላ ብለው ይነሳሉ፣ ፊደሉ ከወትሮው ይሰፋል፣ ማዕዘኑ ላይም ስንጥቅ ይታያል።

ዳይ ሲያረጅ ግን በየምቱ ወደ ጠርዝ የሚሸሸው ብረት የፊደሉን ጉድጓድ አፍ ይበላዋል። ጥላው ድንበሩ የማይያዝ ደብዛዛ ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ሜዳም ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ደቃቅ መስመሮች ያወጣል፣ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ሦስተኛው የድርብ ዓይነት ነው። ዳዩ ላልቶ በምቱ መጨረሻ ሲንሸራተት የፊደሉን ጎን ይጨፈልቀዋል። የሚተርፈው ጠፍጣፋ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከፊደሉ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው፤ ፊደሉም ይቀጥናል እንጂ አይሰፋም። ይህ የዳዩ ቅርጽ ስላልሆነ ከሳንቲም ሳንቲም ይለያያል።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። መብራቱን ከአንድ ጎን ዝቅ አድርገው ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ሲያዞሩት ቦታ የሚቀይር ጥላ የብርሃኑ እንጂ የሳንቲሙ አይደለም። በዚያው ዓመት ከታተመ ደህና ሳንቲም ጋርም ያስተያዩት። እባክዎ አይወልውሉት፤ ለመለየት የሚረዱት ደቃቅ መስመሮች አብረው ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ጠርዙ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎደለ ሳንቲም ሲሠራ የተበላሸ ነው ወይስ ኋላ የተቆረጠ?

መልስ፦ ከጉድለቱ ትይዩ ያለውን ጠርዝ ይዩ። ሳንቲሙ ከመታተሙ በፊት ዙሪያው ተጨምቆ ጠርዝ ያወጣል፤ አንዱ ወገን ከጎደለ ትይዩው የሚጨምቀው ስለማያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ይሳሳል። ትይዩው ሙሉና ጥርት ያለ ከሆነ ይጠርጥሩ። በእውነተኛው ጉድለት አጠገብ ያሉ ፊደላት ወደ ክፍተቱ ተስበው ይደበዝዛሉ፤ ኋላ በተቆረጠው ላይ ግን በስለት እንደተመቱ ድንገት ይቋረጣሉ።