መልስ፦ ፍላሚንጎዋ አንገቷን ለምን ደፋች?

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካዊው የወፎች ሠዓሊ በጆን ጄምስ ኦዱቦን ሥዕል ላይ ፍላሚንጎዋ ለምን ጎንበስ እንዳለችና ጉልበቷ ለምን ወደ ኋላ እንደሚታጠፍ ጠይቀዋል።

ምክንያቱ ወረቀቱ ነው። ኦዱቦን እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1838 ባሳተማቸው 435 ሥዕሎች ወፎቹን ሁሉ በእውነተኛ መጠናቸው ሊያሳይ ቆርጦ ተነሣ። የወረቀቱ ቁመት ግን 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፍላሚንጎ ቀና ስትል ደግሞ 1.2 ሜትርና ከዚያም በላይ ትደርሳለች። ስለዚህ አንገቷን አጥፎ ምንቃሯን ወደ እግሯ አወረደው። እኔ ይህን እንደ ማታለያ አላየውም። ፍላሚንጎ የምትመገበው ራሷን ቁልቁል ደፍታ ስለሆነ አቋሟ እውነት ነው። በሥዕሉ ላይኛው ክፍል በስስ መስመር የተነደፉትን ምንቃሮችና እግሮችም ልብ ብለው ይዩአቸው፤ በጣም ያምራሉ!

ጉልበት የመሰለዎት ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ጉልበቷ ላባው ውስጥ ተሸሽጓል።

ለማነጻጸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1414 ከቤንጋል ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዮንግለ የተላከችውን ቀጭኔ ሥዕል ይፈልጉ። ቻይናዎቹ ቺሊን ከተባለው የአፈ ታሪክ እንስሳ ጋር አመሳስለዋት ነበር። ሥዕሉ ያለበት ጥቅልል ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ቀጭኔዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ ገመዷን የያዘው ሰው አጠገቧ ትንሽ ሆኖ ይታያል።