የእንጀራ ጋጋሪዋ እሑድ

ጥያቄ፦ በቀን 250 እንጀራ እየጋገርኩ ለሦስት ምግብ ቤቶችና ለሰፈር ደንበኞች አቀርባለሁ። ሁለት ሠራተኞች አሉኝ፤ በየተራ ያርፋሉ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሊት 9 ሰዓት ነው የምነሳው። እሑድን ልረፍ ስል ሊጡ ይኮመጥጥብኛል፣ ደንበኛም ይሸሽብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሠራተኞችዎን ማሳረፍዎ መልካም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ እረፍት እንዲያገኙ ያዛል። ባለቤቷን እረፊ ብሎ የሚያዝ ግን የለም። ሥራው ቀለል ሲል አርፋለሁ ካሉ ደግሞ፣ እንጀራ የማይበላበት ቀን ስለሌለ ያ ቀን አይመጣም።

ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ለአራት ሳምንት የሄደውንና የተረፈውን እንጀራ በየቀኑ በደብተር ይያዙ። ምግብ ቤቶቹ ቢሮ የበዛበት አካባቢ ከሆኑ እሑድ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ለምሳሌ እሑድ የሚሄደው 80 ብቻ ከሆነ፣ ያንን ቅዳሜ ጨምሮ መጋገር ነው፤ በሦስት ምጣድ ሁለት ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ታዲያ በደንብ ሳይበርድ እንዳይደራረብ። ትኩሱ ከተደራረበ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሊጡ ላይ ነው። እሑድ ምጣዱን ያጠፋሉ፣ ማቡካቱን ግን እንደወትሮው ይቀጥላሉ። ሊጥዎ ሦስት ቀን የሚቆይ ከሆነ የእሑዱ የሚቦካው ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ መቅረት ያለበት የሐሙሱ ነው። ለቅዳሜ የሚሆነውን ረቡዕ ሲያቦኩ ደግሞ የ80 እንጀራ ዱቄት ይጨምሩበት። ረቡዕ ለሚጋገረው እሑድ ሊቦካ የነበረውን ሊጥ ሰኞ ጠዋት ያቡኩትና፣ በሁለት ቀን እንዲደርስ እርሾውን በርከት ያድርጉለት።

የቀረው አብሲቱ ነው። «እኔ ካልነካሁት አይሆንም» የሚባለው እዚህ ላይ ነውና፣ እጅዎ የለመደውን ወደ ልኬት ይለውጡት። ከ10 ጆግ ሊጥ 1 ጆግ ይወሰዳል፤ በውኃ ቀጥኖ፣ እየተማሰለ፣ እስኪፈላና እስኪወፍር ይበስላል፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ትኩሱ ከተደፋበት እርሾው ይሞታል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከሠራተኞችዎ አንዷ አራት ጊዜ እርስዎ አጠገቧ ቆመው፣ አራት ጊዜ ደግሞ ሳይኖሩ ትጣለው። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሌሊት እሷ ትጀምራለች፤ እርስዎ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።

በሌሎቹ ቀናትም እንቅልፍዎን አይርሱ። ሌሊት 9 ሰዓት ለሚነሳ ሰው 7 ሰዓት መተኛት ማለት ማታ 2 ሰዓት አልጋ ላይ መሆን ነው። ስለዚህ የነገውን ትእዛዝ ከ11 ሰዓት በኋላ አይቀበሉ። ይህንንም ሆነ የእሑዱን ለምግብ ቤቶቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገሩ። ቀድሞ የተነገረው ደንበኛ ይዘጋጃል፤ የሚሸሸው ሳይነገረው እንጀራ የቀረበት ነው።

ጥያቄ፦ ልኳንዳ ቤት አለኝ። በሁዳዴ 55 ቀን ስለምዘጋ ሌላ እረፍት አያስፈልገኝም እላለሁ። ባለቤቴ አትስማማም።

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በመጋቢት ያረፉት እረፍት ለግንቦት ድካም አይሆንም። እንዲያውም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ በዓመቱ ውስጥ ፋታ የሌለዎት ጊዜ ያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው እግሩ ያብጣል፤ የደከመ እጅም ቢላ ያመልጠዋል። ለእነዚያ ሳምንታት ገበያው የሚቀዘቅዝበትን አንድ ቀን መርጠው ይዝጉ፤ በሌላው ጊዜ ረቡዕ ይበቃዎታል።

ሁዳዴው ራሱ እረፍት የሚሆነው የቤት ኪራዩ አስቀድሞ ከተቀመጠ ነው። ኪራይዎ በወር 20,000 ብር ቢሆን፣ የሁለቱን ወር 40,000 ለ10 ወር አካፍለው በየወሩ 4,000 ለብቻ ያስቀምጡ። ፍሪጁን ሲያጠፉም አጥበው፣ አድርቀው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ተዘግቶ ከከረመ ሽታው በቀላሉ አይለቅም።