መብራቱን እኔ ሠራሁት፣ የወጣው ግን የሌላ ሰው ስም ነው

ውድ እትዬ፣

29 ዓመቴ ነው። ካሜራ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። በሰርግ ቀረጻ ጀመርኩ። ከዚያ ማስታወቂያ ሠራሁ። አሁን በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የካሜራ ረዳት ነኝ።

ባለፈው ዓመት የድራማው ሲኒማቶግራፈር፣ ማለት የቀረጻውና የመብራቱ ኃላፊ፣ በመሃል ታመመ። አራት ክፍሎችን እኔ ቀረጽኩ። መብራቱንም ያቀድኩት እኔ ነኝ። አንዱ ላይ እናትየዋ ቡና ስታፈላ በመስኮት በሚገባ ብርሃን ብቻ አነሳኋት። ጭሱ ፊቷ ላይ ሲያልፍ ዳይሬክተሩ ራሱ ዝም አለ። ድራማው ሲተላለፍ ግን ስሜ እንደ ሁልጊዜው «ረዳት» ከሚለው ሥር ነበር። ክፍያዬም የረዳት።

አሁን ለሁለተኛው ምዕራፍ ጠሩኝ፣ እንደገና በረዳትነት። ፕሮዲውሰሩን ስጠይቀው «ካሜራው ከባድ ነው፣ የሌሊት ቀረጻም አለ፣ ለሴት ይከብዳል» አለኝ። እናቴ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቃት «ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው» ትላለች። ደክሞኛል። ልቀበል ወይስ ልተወው?

ካሜራዋ፣ ከገርጂ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ የቡናው ጭስ ላይ ቆምኩ። ጭስ አምሮ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ የጠይም ሰው ፊት ይጨልማል። ሁለቱን ማስታረቅ የቻለ ሰው ረዳት አይደለም።

ስለዚህ በረዳትነት አትቀበዪ። የቤት ኪራይ ካስጨነቀሽ ደግሞ ቢያንስ የተወሰኑ ክፍሎችን በሲኒማቶግራፈርነት እንደምትቀርጪ፣ ስምሽም እንደዚያ እንደሚወጣ በውል ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለውን አትመኚው።

«ለሴት ይከብዳል» የሚለው ነገር ያናድደኛል። በትልልቅ ሥራዎች ላይ ካሜራውን የሚሸከም ኦፕሬተር አለ። የሲኒማቶግራፈሯ ሥራ ብርሃኑን፣ ሌንሱንና ፍሬሙን መወሰን ነው። ይህ ሰበብ በሌላውም አገር ብዙ ሴቶችን በር ላይ አቁሟል። የአሜሪካ ሲኒማቶግራፈሮች ማኅበር በፈረንጆቹ 1919 ተቋቁሞ የመጀመሪያዋን ሴት አባል፣ ብሪያን መርፊን፣ የተቀበለው በ1980 ነው። 61 ዓመት! ጄሲ ሜፕል የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደግሞ በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ካሜራ ለመያዝ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። ያለፈችበትንም ከሷ በኋላ ለሚመጡት ሴቶች በመጽሐፍ ጻፈችው።

ካንቺ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን የሬቸል ሞሪሰን መንገድ ነው። በፈረንጆቹ 2018 በሲኒማቶግራፊ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ብላክ ፓንተር የተባለውን ፊልምም የቀረጸችው እሷ ናት። ያ ትልቅ ሥራ ድንገት አልመጣላትም። የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ራያን ኩግለር በፈረንጆቹ 2013 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በትንሽ በጀት ሲሠራ ካሜራው ላይ የነበረችው እሷ ነበረች። እሱ ሲያድግ አብራው አደገች።

አንቺም ዘንድ ዝም ያለ ዳይሬክተር አለ። ከፕሮዲውሰሩ በፊት እሱን አግኚው። አራቱን ክፍሎች አንቺ እንደቀረጽሻቸው በጽሑፍ እንዲመሰክርልሽ ጠይቂው። ከነዚያ ክፍሎች ሁለት ደቂቃ የምትሆን ማሳያ ለመቁረጥም ፈቃድ ይስጡሽ። ቡናውን መጀመሪያ ላይ አድርጊው። የጥሪ ወረቀቶች (በየቀረጻው ቀን ማን ምን እንደሚሠራ የሚጻፍባቸው) እና የተላላክሻቸው መልእክቶች ካሉ አንዱንም እንዳታጠፊ። ከዚያ ለፕሮዲውሰሩ ስለ ክብደት አትከራከሪ። ማሳያውን ክፈቺለትና ዋጋሽን ንገሪው። እምቢ ካለ፣ ማሳያው ይዘሽው የምትሄጂው ነው። አጭር ፊልም ለሚሠሩ ወጣት ዳይሬክተሮች አሳዪው።

እናትሽ «ፎቶ ቤት» የምትለው ሌላ ቃል ስላጣች ይመስለኛል። አንድ ቀን ያንን ትዕይንት አብረሻት እዪው። ብርሃኑን እንዴት እንዳመጣሽው፣ ጭሱን ምን ያህል እንደጠበቅሽው አስረጂያት። የሥራሽንም ስም ካንቺ ትስማ።

ዳይሬክተሩ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።