«ነፃ ፈቃድ» ወይስ «የፈቃድ ነፃነት»?

ጥያቄ፦ ሰው ለሥራው ተጠያቂ ስለሚሆንበት ምክንያት የሚያትት የፍልስፍና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ፍሪ ዊል»ን (ሰው የሚያደርገውን ራሱ የመወሰን ችሎታውን) ነፃ ፈቃድ ልበለው ወይስ ነፃ ምርጫ? «ዲተርሚኒዝም»ንስ (ሁሉ ነገር ከቀደመ ምክንያት የግድ ይከተላል የሚለውን ሐሳብ) ዕድል ወይም ዕጣ ፈንታ ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ «ነፃ ፈቃድ»ንም «ነፃ ምርጫ»ንም ከሃይማኖት ትምህርት ስለለመድናቸው ስህተት ናቸው አይባልም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወጣ ሲሉ ነው። «ነፃ ምርጫ» ሲባል የዛሬ አንባቢ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ድምፅ መስጫ ሳጥን ነው። «ፈቃድ»ም ቢሆን በግእዝ «ወደደ፣ ሻ» ከሚለው «ፈቀደ» የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በብዛት ከሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር ሆኗል፦ መንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። «ነፃ» ደግሞ ያለ ክፍያም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ገንዘብ የማይከፈልበት ፈቃድ ሊመስል ይችላል።

የቀድሞው ፍቺ ግን አልሞተም። «ፈቃድህ ይሁን» ብለን እንጸልያለን፤ «በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ» ስንልም ማንም መልቀቂያ የቸረው አይመስለንም። ስለዚህ ለስያሜው ቃላቱን ገልብጠው «የፈቃድ ነፃነት» ይበሉት፤ ከ«እምነት ነፃነት» ጋር ስለሚሰለፍ አሻሚነቱ ይጠፋል። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን «በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን የሚያህል የለም።

«ዕድል» ፈጽሞ አይሆንም። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚል ሰው ያ ሰው ምንም ቢያደርግ ፍጻሜው ያው ነው ማለቱ ነው። ዲተርሚኒዝም የሚለው ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ክስተት ከእሱ በፊት ከነበረው ሁኔታና ከተፈጥሮ ሕግ የግድ ይከተላል፤ የቀደመው ቢለወጥ ኖሮ የሚከተለውም ይለወጥ ነበር። በጥንት ግሪኮች ዘንድ አንድ ሙግት ነበር፦ መዳን ዕጣህ ከሆነ ሐኪም ጠራህ አልጠራህ ትድናለህ፤ ሞት ዕጣህ ከሆነም ጠራህ አልጠራህ ትሞታለህ፤ እንግዲያው ሐኪም መጥራት ከንቱ ነው። ስቶይክ ከተባለው የግሪክ የፍልስፍና ወገን የነበረው ክሪሲፐስ ሲመልስ፣ መዳኑና ሐኪም መጥራቱ አብረው የተወሰኑ ሊሆኑ ይችላሉ አለ፤ በሽተኛው የሚድነው ሐኪም በመጥራቱ ነውና። ቃሉን «ዕድል» ብለው ከተረጎሙት ይህ መልስ ለአማርኛ አንባቢ ትርጉም ያጣል።

«ቅድመ ውሳኔ»ም ወሳኝ ይፈልጋል፤ ዲተርሚኒዝም ግን ወሳኝ አካል የግድ አያስፈልገውም። «ምክንያታዊነት» ደግሞ አስተውሎ ለማሰብ ተይዟል። የእኔ ምክር «ዲተርሚኒዝም»ን እንዳለ ተውሰው፣ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ «ሁሉ ነገር በቀደመው ምክንያት ቁርጥ ሆኗል የሚል አስተሳሰብ» ብለው እንዲፈቱት ነው። «ቁርጡን ንገረኝ» የሚል ሰው ወዲያ ወዲህ የማይባልበትን ነገር መጠየቁ ስለሆነ ቃሉ ቦታውን ያገኛል። ሰውየው «ተገደደ» ግን አይበሉ። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 በታተመ መጽሐፉ የተሟገተው ድርጊት ምክንያት አለው ማለት አድራጊው ተገዷል ማለት እንዳልሆነ ነው፤ በሰንሰለት ያልታሰረ ሰው የወደደውን ካደረገ ለእሱ ነፃ ነው። በ«ተገደደ» ከተረጎሙ ሂዩምን ገና ሳይናገር ረትተውታል ማለት ነው።

አልጠየቁኝም እንጂ ከስሞቹ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግሱ ነው። የክርክሩ እምብርት «ሌላ ማድረግ ይችል ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛው ሁለት ይሆናል፦ ያኔ አቅሙ ነበረው፣ ወይም ባያደርገውም ሊያደርገው ይችል ነበር። ተርጓሚ ይህን ለማጥራት ሲል እጁ ወደ «ቢፈልግ ኖሮ ሌላ ያደርግ ነበር» ይሄዳል። ሰዋስዉ ያምራል፤ ወጥመዱ ግን እዚያው ነው። «ቢፈልግ ኖሮ» የሚለው ሐረግ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር በ1912 «ቢመርጥ ኖሮ» ብሎ ካቀረበው መፍትሔ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ነፃነትና ዲተርሚኒዝም አይጣሉም የሚሉት ወገኖች ይጠቀሙበታል። ተቃዋሚዎቻቸው የሚጠይቁት «ፍላጎቱም ጭምር ሁሉ ነገር እንደነበረ ሆኖ፣ ሌላ ማድረግ ይችል ነበር ወይ?» ብለው ነው። ዋናው ጽሑፍ ያላስቀመጠውን «ቢ... ኖሮ» እርስዎ አይጨምሩ፤ ማሻማቱ ካሰጋዎት «ያላደረገውን ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበር» ይበሉ።

የተጠያቂነት ምሳሌዎችን ሲመልሱም ለግሱ ቅርጽ ይጠንቀቁ። «ሲኒውን ሰበርኩት»፣ «ሲኒው ተሰበረብኝ»፣ «ሲኒው ተሰበረ»፤ ወለሉ ላይ ያለው ስብርባሪ አንድ ነው። የመጀመሪያው አድራጊውን ያወጣል፤ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስብ ግን አይናገርም። ሁለተኛው በእጄ ሳለ ነው፣ ግን አልፈለግሁትም የሚል ማመካኛ ይዟል፤ ሦስተኛው አድራጊውን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ ለዚህ ነው እናት «ማን ሰበረው?» የምትለው። ፈላስፋው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ገና እየመረመረ ሳለ «ተሰበረበት» ብለው ከጻፉ ፍርዱን ሰጥተዋል። «ሰበረው» ብለው ይጀምሩ፤ «ሆን ብሎ»፣ «ሳያውቅ»፣ «ተገዶ» የሚሉትን ጽሑፉ በሚፈልግበት ቦታ ብቻ ያክሉ።

«ኃላፊነት» ደግሞ ከድርጊት በፊት የሚሰጥ አደራን፣ ሹመትንም ይጨምራል። ካደረገ በኋላ «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ያለበት «ተጠያቂነት» ነው፤ ለጽሑፍዎ የሚስማማው ይሄኛው ነው።